ሦስት ዶላር ከስልሳ ሳንቲም

እኛ በምንኖርበት በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ አካባቢ ባለው ሐበሻ ዘንድ፣ የማንኛውም ዕቃ ዋጋ ሲነሳ መልሱ አንድ ነው፦ «ኦንላይን እኮ ይረክሳል!» የእንጀራ ምጣድ ይሁን የመኪና ጎማ፣ የልጆች ጫማ ይሁን ቴሌቪዥን፣ ሁሌ ያው ነው። ስለ ሽጉጥም እንደዚያው ይባላል። እኔ ደግሞ ሙያዬ ሒሳብ መያዝ ነው፤ የሌሎችን ትናንሽ ሱቆች ገቢና ወጪ ስመዘግብ ዓመታት ተቆጥረዋል። ባለፈው ዓመት ባለቤቴ «ሽጉጥ ልገዛ ነው» ብሎ ሁለት ዋጋ፣ አንዱን ከስልኩ ላይ፣ አንዱን ከሰፈራችን መሣሪያ መሸጫ፣ በወረቀት ጽፎ ሲያመጣልኝ፣ «ከመከራከራችን በፊት ሒሳቡን ልሥራው» አልኩት።

ሀገር ቤት ሆናችሁ ይህን ለምታነቡ ነገሩ እንግዳ ሊሆንባችሁ ይችላል። እናንተ ዘንድ ሽጉጥ ዋጋ ተለጥፎበት በመስታወት ሣጥን የሚደረደር ዕቃ አይደለም፤ ያለ ፈቃድ መያዙም ሆነ መነገዱ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የተከለከለ ነው። እዚህ ግን ሽጉጥ እንደ ማንኛውም ሸቀጥ ቅናሽ ይወጣለታል፣ በበዓል ሰሞን ማስታወቂያ ይሠራለታል፣ «ዛሬ ብቻ!» ይባልለታል። ከመጣሁ 17 ዓመት ሆኖኛል፤ ይህን ነገር ግን አሁንም አልለመድኩትም።

ምክንያቱን ባጭሩ ልናገርና ልለፈው። ባለቤቴ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ባለች ሱቅ የሌሊት ሺፍት ይሠራል። አንድ ሌሊት ፊታቸውን የሸፈኑ ሁለት ልጆች መሣሪያ ደቅነው ገቡ፤ መሣቢያውን አስከፍተው ያለውን ብር ወስደው ሄዱ። ማንም አልተጎዳም። የወሰዱት ገንዘብ የአንድ ሽጉጥ ግማሽ ዋጋ እንኳ አይሞላም ነበር። እሱ ግን ከዚያ በኋላ ቀን ቀን መተኛት አቃተው። «አሁንስ አንድ ነገር ቤት ውስጥ መኖር አለበት» ማለት ጀመረ። «ፈርተህ ነው» ብዬ አልተከራከርኩትም። ሌሊት ብቻውን የሚቆመው እሱ ነው።

ወደ ሒሳቡ ልመለስ። ስልኩ ላይ ያገኘው ዋጋ 519 ዶላር ነበር። የሰፈራችን ሱቅ ያንኑ ሽጉጥ፣ ግሎክ 19 የሚባለውን፣ 579 ይለዋል። ልዩነቱ 60 ዶላር ነው። «በዚህ እኮ የሁለቱም ልጆች የክረምት ጫማ ይወጣል» አለኝ፤ እኔን የሚያሳምነኝ ይህ መሆኑን ያውቃል።

ነገር ግን 519ኙ ላይ መላኪያ 20 ዶላር አለ። በእኛ በሰሜን ቨርጂኒያ የሽያጭ ታክሱ 6 በመቶ ስለሆነ 31 ዶላር ከ14 ሳንቲም ይጨመራል። ከዚያ ሽጉጡ ቤታችን በር ላይ አይመጣም፤ ፈቃድ ወዳለው ነጋዴ ሱቅ ነው የሚላከው። ነጋዴው ተረክቦ ለእኛ ለማስተላለፍ 40 ዶላር ያስከፍላል። ለወንጀል ታሪክ ማጣሪያው ደግሞ 2 ዶላር። ድምሩ 612 ዶላር ከ14 ሳንቲም ሆነ። የሰፈሩ ሱቅ 579 ከታክሱና ከማጣሪያው ክፍያ ጋር 615 ከ74 ሆነ። ወረቀቱን አዙሬ ሰጠሁት። ስልሳ ዶላር የተባለው ሦስት ዶላር ከስልሳ ሳንቲም ሆኖ ቀረ።

«እና ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው ይረክሳል የሚለው ከምን ተነስቶ ነው?» አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔንም ጥቂት ቀን ይዞኝ ቆየ።

አንዱ መልስ አሮጌ ዝና ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 2018 ድረስ በሌላ ስቴት ተቀምጦ ኦንላይን የሚሸጥ ነጋዴ፣ ገዢው ባለበት ስቴት ሱቅ ወይም መጋዘን ከሌለው፣ የዚያን ስቴት የሽያጭ ታክስ እንዲሰበስብ አይገደድም ነበር። በዚያ ዓመት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዌይፌር በሚባለው የዕቃ መሸጫ ጉዳይ ላይ በሰጠው ውሳኔ ያ ቀረ። ከዚያ በፊት ሽጉጥ ኦንላይን የገዛ ሰው በእኛ አካባቢ ታክስ ብቻ ሰላሳ ዶላር ገደማ ይተርፈው ነበር፤ ለማስተላለፊያው ቢከፍል እንኳ ያዋጣዋል። ወሬው ከዚያ ዘመን የቀረ ነው። ታክሱ መጣ፣ ወሬው ግን አልተነሳም።

ሁለተኛው መልስ ጅምላና ችርቻሮ ነው፤ ይህን የመርካቶ ልጅ ሳይነገረው ያውቀዋል። ትልቁ የኦንላይን ሻጭ በሺህ የሚቆጠር ሽጉጥ በአንድ ጊዜ ያነሳል። አንዳንዶቹ ራሳቸው አከፋፋዮች ናቸው። የሰፈሩ ሱቅ ከአከፋፋይ አምስት፣ አሥር እያለ ያመጣል። ባለሱቁን፣ ሸበቶ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር አሜሪካዊ ነው፣ ለምን 579 እንደሚል ስጠይቀው አልተቆጣም። «እኔ የማመጣበት ዋጋ ኦንላይን ከሚሸጥበት በላይ የሚሆንበት ቀን አለ» አለኝ። አመንኩት። የሱቅ ኪራይ አለበት፣ ኢንሹራንስ አለበት፣ ማታ ማታ ዕቃውን ሁሉ ከመስታወቱ አውጥቶ ብረት ካዝና ውስጥ የሚቆልፍ ሠራተኛ አለበት፣ እያንዳንዷ ሽጉጥ ከማን መጥታ ለማን እንደሄደች የሚመዘግብበት ደብተር አለበት። ያንን ደብተር መንግሥት መጥቶ ሊያየው ይችላል። እኔ የእንዲህ ዓይነት ሱቅ ሒሳብ ይዤ አላውቅም፤ የነዳጅ ማደያ ሒሳብ ግን ይዣለሁ። ነዳጁ ደንበኛ ይጠራል እንጂ ትርፉ ከቡናውና ከሲጋራው ነው። እሱም ዘንድ እንደዚያው ነው፤ ትርፉ ከጥይቱ፣ ከማንገቻው፣ ከሥልጠናውና ከዚያችው ከ40 ዶላር ማስተላለፊያ ነው። እንግዲህ ኦንላይን የገዛው ሰውም ዞሮ ዞሮ ለዚሁ ሰውዬ እየከፈለ ነው ማለት ነው።

ሦስተኛው መልስ ዋጋውን የሚደብቀው ነገር ነው። ኦንላይን ስትገቡ አንዳንድ ሽጉጥ ላይ ዋጋ አይጻፍም፤ «ቅርጫት ውስጥ ክተቱና ታያላችሁ» ይላል። ይህ ተንኮል ይመስላል፣ ግን አይደለም። አምራቹ ለነጋዴዎቹ «ከዚህ ዋጋ በታች አድርጋችሁ እንዳታስተዋውቁ» የሚል ገደብ ስለሚያወጣ ነው። ገደቡ ማስታወቂያው ላይ እንጂ መሸጡ ላይ አይደለም። ስለዚህ የሰፈሩ ሱቅ መስታወት ላይ የተለጠፈው ቁጥር የመጨረሻው ዋጋ ላይሆን ይችላል፤ ገብቶ መጠየቅ ይቻላል። እኛ ሐበሾች አሜሪካ ስንመጣ ዋጋ መከራከር ነውር መስሎን እንተወዋለን። እዚያ ሱቅ ግን ከእኔ ፊት የነበረው ፈረንጅ ሲከራከርና 15 ዶላር ሲያስቀንስ በዓይኔ አይቻለሁ።

አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሽጉጦች አንድ ዓይነት አለመሆናቸውም አለ። አንዱ ሁለት የጥይት መያዣ፣ ሌላው ሦስት ይዞ ይመጣል። አንዱ በጨለማ የሚያበራ ማነጣጠሪያ አለው፣ ሌላው የለውም። በጣም የረከሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ፖሊስ መሥሪያ ቤቶች ለውጠው የመለሱት ያገለገለ ነው። ስልክ ላይ በአውራ ጣት ሲታይ ሁሉም አንድ ጥቁር ነገር ነው።

ኤክሳይስ ታክስን የሚያነሳም አይጠፋም። ፋብሪካው ወይም አስመጪው በእያንዳንዱ ሽጉጥ ላይ ለፌዴራሉ መንግሥት 10 በመቶ ይከፍላል። ገንዘቡ የሚሄደው የት መሰላችሁ? ለዱር እንስሳት ጥበቃ ነው! እ.ኤ.አ. በ1937 የወጣ ሕግ ነው፤ መጀመሪያ ለአዳኞች ጠመንጃ ነበር፣ ሽጉጥ በኋላ ተጨመረበት። ነገር ግን ይህ ታክስ ኦንላይንም ሱቅም ላይ እኩል ስላለ ልዩነቱን አያስረዳም። የሚያስረዳው የስቴቶቹን ልዩነት ነው፤ ካሊፎርኒያ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ የራሷን 11 በመቶ ጨምራበታለች፣ ኮሎራዶ ደግሞ ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ 6.5 በመቶ። ዴንቨር ያለችው የአክስቴ ልጅና እኔ በስልክ ስናወራ ያንኑ ዕቃ በተለያየ ዋጋ የምንጠራው ለዚህ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ዋጋውን የሚያስተካክለው ያ የሱቁ በር ነው። በ1968 ከወጣው የፌዴራል ሕግ ወዲህ፣ ከነጋዴ በሌላ ስቴት የተገዛ ሽጉጥ በቀጥታ ወደ ገዢው ቤት አይላክም። ገዢው በሚኖርበት ስቴት ወዳለ ፈቃድ ያለው ነጋዴ ይሄዳል። ገዢው እዚያ በአካሉ ይቀርባል፣ መታወቂያ ያሳያል፣ 4473 የሚባለውን ፎርም ይሞላል፣ ይፈርማል፣ ማጣሪያው ይደረግለታል። ከነጋዴ ለመግዛት 21 ዓመት መሙላት አለበት። በግሪን ካርድ የሚኖር ሰው መግዛት ይችላል፤ በጎብኚ ወይም በተማሪ ቪዛ የገባ ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር አይችልም። ኦንላይን የገዛም ሱቅ የገዛም የሚቆመው አንዱ ባንኮኒ ፊት ነው።

ባንኮኒው አንድ ብቻ ሲሆን ምን እንደሚመጣ ደግሞ ከድልድዩ ማዶ አይተናል። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይህን የማስተላለፍ ሥራ ለነዋሪው የሚሠራ አንድ ነጋዴ ብቻ ነበር። የሚያስከፍለው ለአንድ ሽጉጥ 125 ዶላር ነበር። ሽጉጡ ከየትም በምንም ያህል ቅናሽ ቢገዛ በዚያች በር ማለፍ ግዴታ ነው። ሰውየው በ2020 ሥራውን ሲተው የከተማው ፖሊስ ራሱ ፈቃድ አውጥቶ ማስተላለፉን ጀመረው።

ይህን ሁሉ እያጠናሁ ሳለ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ከሲልቨር ስፕሪንግ ደወሉ። እሳቸው ሜሪላንድ ናቸው፤ እዚያ ሽጉጥ ለመግዛት መጀመሪያ የብቃት ፈቃድ ማውጣት አለ፦ ሥልጠና፣ የጣት አሻራ፣ 50 ዶላር የማመልከቻ ክፍያ፣ ከዚያም ሲገዙ ሰባት ቀን መጠበቅ። እና አሉኝ፣ «አንቺ፣ እናንተ ዘንድ ቀላልም ርካሽም አይደል? እሱ ሲገዛ አንድ ለእኔም ጨምሮ ይግዛልኝና ብሩን ልላክላችሁ።»

በቅንነት ነው ያሉት። እኛ ቤት ዕቃ ሲገዛ ለወንድም ለእህት አብሮ መግዛት ወግ ነው፤ የስልክ ጥቅል እንኳ አብረን ነው የምንገዛው። ይህ ግን ወንጀል ነው። «ጋሼ፣ ይህንስ ተዉት፤ የእርስዎንም የእሱንም ስም ያበላሻል» አልኳቸው፤ የአብራምስኪንም ጉዳይ ነገርኳቸው።

እ.ኤ.አ. በ2009 እዚሁ ቨርጂኒያ የሚኖር አብራምስኪ የሚባል የቀድሞ ፖሊስ፣ ፔንስልቬንያ ላለው አጎቱ ሽጉጥ ገዛ። ሽጉጡ ይኸው ባለቤቴ ያማረው ግሎክ 19 ነው። ምክንያቱም ዋጋ ነበር፤ ለፖሊስ በሚሰጥ ቅናሽ አገኘዋለሁ ብሎ ነው። አጎትየው 400 ዶላር በቼክ ላኩለት። ሁለቱም ሽጉጥ መያዝ የሚችሉ፣ ምንም ክልከላ የሌለባቸው ሰዎች ነበሩ። ሽጉጡንም ለአጎቱ ያስተላለፈው በድብቅ ሳይሆን ፔንስልቬንያ ባለ ፈቃድ ያለው ነጋዴ በኩል ነው። ጥፋቱ አንድ ነው፤ ፎርሙ ላይ «እውነተኛው ገዢ አንተ ነህ ወይ?» ለሚለው ጥያቄ «አዎ» ብሎ ፈረመ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ በ2014፣ በ5 ለ4 ድምፅ ተፈረደበት። እስር ቤት አልገባም፤ በገደብ ተለቀቀ፤ ስሙ ግን ከወንጀሉ ጋር ቀረ። በ2022 የወጣው ሕግ ደግሞ በሰው ስም መግዛትን እስከ 15 ዓመት የሚያሳስር ራሱን የቻለ ወንጀል አድርጎታል። በራስ ገንዘብ ገዝቶ ስጦታ መስጠት ሌላ ነገር ነው፤ ብር ተቀብሎ መግዛት ግን ያው የአብራምስኪ መንገድ ነው።

ጋሼ ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «ለጥቂት ዶላር ብለን ለካ ጉድ ልንሠራ ነበር» ብለው ሳቁ። የግሪን ካርድ ወረቀቱ ያላለቀ፣ ዜግነት የሚጠብቅ ሰው በበዛበት ማኅበረሰብ ውስጥ፣ ይህን ነገር ቤተ ክርስቲያን ደጅም ሆነ መስጊድ ደጅ ለምናገኘው ሁሉ ብንነግር አይከፋም።

ኦንላይኑን ካስቀረሁት በኋላ ባለቤቴን ይዤው ወደ ሰፈሩ ሱቅ ሄድን። ለሦስት ዶላር ከስልሳ ሳንቲም ስል አይደለም። ሰውየውን ማየት ፈልጌ ነው። ባለቤቴ ሽጉጡን በእጁ ይዞ አየው፤ ለእጁ ትልቅ ሆነበት፤ ሌላ ሞከረ። ስልክ ላይ ቢሆን ይህን የሚያውቀው ከፍሎ፣ ማስተላለፊያውንም ከፍሎ፣ ፎርሙን ከፈረመ በኋላ ነበር። ያኔ ደግሞ ያገለገለ ዕቃ ስለሚባል መመለስ አይቻልም። ይህ ብቻውን ከልዩነቱ ይበልጣል።

ሰውየው ግን ሌላም ነገር ጠየቀ፦ «ቤት ውስጥ ልጆች አሉ?» ሁለት አሉን አልኩት። «ዕድሜያቸው?» ዘጠኝና አሥራ ስድስት። ከዚያ ዝም ብሎ ሽጉጡን ወደ ቦታው መለሰና ካዝናዎቹ ወዳሉበት ጥግ ወሰደን።

እዚህ ላይ ኒው ሃምፕሻየር ውስጥ የሆነ ነገር ልጥቀስ። በ2009 እዚያ ሦስት ሰዎች ከአንድ ሳምንት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከአንድ ሱቅ ሽጉጥ ገዝተው፣ ሦስቱም በገዙ በሰዓታት ውስጥ የገዛ ሕይወታቸውን አጠፉ። ሦስቱ አይተዋወቁም ነበር። ከዚያ ወዲህ በዚያ ስቴት የመሣሪያ ነጋዴዎችና የጤና ባለሙያዎች አብረው ተቀምጠው፣ ሻጩ የገዢውን ሁኔታ እንዲያስተውል፣ ካላማረውም «ዛሬ አልሸጥልህም» እንዲል የሚያስተምር ሥራ ጀመሩ። ሌሎች ስቴቶችም ተከተሏቸው። ነጋዴ የመሸጥ ግዴታ የለበትም። በእኔ አስተያየት ያ 60 ዶላር ልዩነት የሚከፈለው ለዚህ ዓይነት ሰው ከሆነ ብዙ አይደለም። ኦንላይን የተገዛውን የሚያስረክበውም ሰው ይህንኑ ማድረግ ይችላል፤ ግን የተከፈለበትን ዕቃ «አልሰጥህም» ማለትና መጀመሪያውኑ «አልሸጥልህም» ማለት አንድ አይሆንም።

ይህን የማነሳው በዚህ ሀገር በየዓመቱ በመሣሪያ ከሚሞተው ሰው ከግማሽ በላይ የሚሆነው በራሱ እጅ የሚሞት ስለሆነ ነው። ቤት ሰብሮ የሚገባው ሌባ፣ ሱቅ የሚዘርፈው ወጣት፣ ፊልም ላይ የምናየው ሁሉ፣ አንድ ላይ ተደምሮ ከዚያ ያንሳል። ቨርጂኒያ ውስጥ የተሞላ፣ ያልተቆለፈ ሽጉጥ ከ14 ዓመት በታች ያለን ልጅ ለአደጋ በሚያጋልጥ ሁኔታ በግዴለሽነት መተው ወንጀል ነው። ሕጉ እንግዲህ የሚያስበው ስለ ትንሿ ልጄ ነው። እኔ ግን ሌሊት ሌሊት የማስበው ስለ ትልቁ ነበር። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ዘንድሮ ትምህርት ቤት ቀይሯል። ከትምህርት ቤት ሲመጣ «ደህና ነህ?» ስለው «ደህና» ይልና በሩን ይዘጋል። ምናልባት የዕድሜው ጠባይ ነው፤ እኔም በዚያ ዕድሜዬ እናቴን እንደዚያ ነበር የማደርጋት። ግን እናቴ ቤት ውስጥ ሽጉጥ አልነበረም።

ሌላም ነገር ነበር። የባለቤቴ አሠሪ ሠራተኛ መሣሪያ ይዞ ሱቅ እንዲገባ አይፈቅድም። በልብስ ሥር ደብቆ ለመያዝም ከፍርድ ቤት ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል። ስለዚህ ሽጉጡ ዘረፋው ወደ ተፈጸመበት ቦታ አይሄድም። ባለቤቴ ሌሊት ባንኮኒው ጀርባ ባዶ እጁን ሲቆም፣ ሽጉጡ እኔና ልጆቹ ዘንድ ነው የሚያድረው። ይህን ጮክ ብዬ ስናገረው ባለቤቴ መኪናው ውስጥ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። «እኔ ያሰብኩት ለእናንተ ነበር» አለ በመጨረሻ። አውቃለሁ። በዚህ ላይ አልተጣላንም።

እንግዲህ ዋጋውን እንደገና ጻፍኩት። ሽጉጡ 612። በቁጥር የሚከፈት፣ ከቁምሳጥን ወለል ጋር በብሎን የሚታሰር ትንሽ ካዝና 180። ለሁለታችንም ሳይሆን ለእሱ ብቻ የአንድ ቀን ሥልጠና 120። ለልምምድ ጥይት፣ ሃምሳ ፍሬ የያዘው ፓኮ 15 ዶላር ገደማ ነው፣ አራት ፓኮ 60። 972 ዶላር መጣ። ሱቅና ኦንላይን እያልን የተጨቃጨቅንበት ልዩነት በዚህ መሃል አይታይም። ከነጋዴ የተገዛ አዲስ ሽጉጥ መቆለፊያ ይዞ መምጣቱ የፌዴራል ሕግ ግዴታ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ግን ቀጭን የሽቦ ቁልፍ ነው። የቤቱን መሣቢያ ሁሉ የሚያውቅ ልጅ የቁልፏን ቦታ ለማግኘት አንድ ከሰዓት ይበቃዋል።

እዚህ ላይ ቨርጂኒያ ላላችሁ አንባቢዎች የምትጠቅም ነገር አለች። ከ2020 ጀምሮ ዋጋው ከ1,500 ዶላር ያልበለጠ የመሣሪያ ካዝና ከሽያጭ ታክስ ነፃ ነው፤ መቆለፊያው ግን በቁጥር ወይም በጣት አሻራ የሚከፈት መሆን አለበት፣ በቁልፍ ብቻ የሚከፈተው አይቆጠርም። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ ለመቆለፊያና ለካዝና ላወጣችሁት እስከ 300 ዶላር ድረስ ከስቴት ታክሳችሁ ላይ የሚቀነስበት መንገድ ተፈቅዷል። ለዚህ የተመደበው ገንዘብ የተወሰነ ስለሆነ ማመልከቻ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ደረሰኙን አትጣሉ፣ ታክስ የሚሠራላችሁንም ሰው ጠይቁ። እኔ ለደንበኞቼ ስነግራቸው አብዛኞቹ ሰምተውት አያውቁም ነበር። ሽጉጡ ስንት እንደሚረክስ ግን ሁሉም ያውቃሉ።

በመጨረሻ የተስማማነው ካዝናው መጀመሪያ እንዲገባ ነው። እዚያው ሱቅ ገዛነው፤ ባለቤቴና ልጁ ቅዳሜ ከሰዓት አብረው ቁምሳጥኑ ወለል ላይ በብሎን አሰሩት። ልጁ ምን ሊገባበት እንደሆነ ጠየቀ፤ ሳንደብቅ ነገርነው። «ሱቅ ውስጥ ዳግም ቢመጡ ግን ምን ያደርግልሃል?» ብሎ አባቱን ጠየቀው። አባቱ መልስ አልነበረውም። ይሁንና የዚያን ቀን ማታ ሁለቱ ስለ ዘረፋው ለመጀመሪያ ጊዜ ረጅም ወሬ አወሩ፤ እኔ ወጥ እያማሰልኩ ከወጥ ቤት እሰማቸው ነበር።

አሁን ካዝናው ውስጥ ፓስፖርቶቻችን፣ የልጆቹ የልደት ወረቀትና የሠርጌ ወርቅ አሉ። ባለቤቴ ከአሠሪው የቀን ሺፍት ጠይቋል፤ የሚለቅ ሰው አለ ተብሎ በሚቀጥለው ወር መልስ ይጠብቃል። ሽጉጡ እስካሁን አልተገዛም። ባለፈው ሳምንት ስልኩን አምጥቶ አሳየኝ፤ ኦንላይን ዋጋው ሌላ 20 ዶላር ቀንሷል።

«ማስተላለፊያውስ?» አልኩት።

«እሱ ያው 40 ነው» አለና ስልኩን ኪሱ ከተተ።